ጨጓራን ማጠብ መቼ ይጠቅማል? የመመረዝ ድንገተኛ ሕክምና በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

መግቢያ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳዎች ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሰፊው ይመረታል። ከሰኔ ጀምሮ ለዘርና ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ፣ ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ከእነዚህም መካከል በቆላው ኑሮ የቆዩት በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» ይባላሉ። እርሻው ያለ ፀረ-አረምና ያለ ፀረ-ተባይ ኬሚካል አይሠራም ለማለት ይቻላል። የሰሊጥ ክምርን ከተባይ ለመጠበቅ፣ ጥጥን ለመርጨት፣ በመጋዘን ያለውን ማሽላ ከነቀዝ ለማዳን የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ሠራተኛው በሚያድርበት ዳስና ገበሬው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ይገኛሉ። በመሆኑም በስሕተት ተጠጥቶ፣ በርጭት ጊዜ በቆዳ ዘልቆ፣ ወይም ሰው በጭንቅ ሰዓት በራሱ ላይ እጁን አንሥቶ የሚደርስ መመረዝ ለአካባቢው ጤና ተቋማት እንግዳ ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ ያለ ታካሚ ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቤተሰብም ሆነ ባለሙያ በቅድሚያ የሚያስበው «ጨጓራው ይታጠብ» የሚለውን ነው። ሐሳቡ በውስጡ ያለው መርዝ ከወጣ ሰውየው ይድናል ከሚል ቀላል አመክንዮ የተነሣ ነው። ሆኖም ባለፉት አርባ ዓመታት የተከማቸው የሕክምና ማስረጃ ይህ አመክንዮ በአብዛኛው እንደማይሠራ፣ አንዳንዴም ታካሚውን እንደሚጎዳ አሳይቷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጨጓራን ባዶ የማድረግ ዘዴዎች ከየት እንደመጡ፣ ለምን ከቀዳሚ ሕክምናነት እንደወረዱና ከሪፈራል ሆስፒታል ርቆ በሚገኘው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሕክምናው ቅደም ተከተል ምን ሊሆን እንደሚገባ ማብራራት ነው።

ዘዴዎቹና አመጣጣቸው

ጨጓራን ባዶ ለማድረግ በታሪክ ሁለት መንገዶች አገልግለዋል። የመጀመሪያው ማስመለስ ነው። ኢፔካክ ከተባለው የደቡብ አሜሪካ ተክል ሥር የሚዘጋጀው ሽሮፕ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ለልጆች መመረዝ ተብሎ ይቀመጥ ነበር። ሁለተኛው የጨጓራ እጥበት ነው። የፊላዴልፊያው ቀዶ ሐኪም ፊሊፕ ሲንግ ፊዚክ እ.ኤ.አ. በ1812 የኦፒየም መድኃኒት ከመጠን በላይ የተሰጣቸውን ሕፃናት በቱቦ ማጠቡን አሳወቀ፤ ሐሳቡን ከእርሱ በፊት የኤድንብራው ሞንሮ አቅርቦት እንደነበረም መሰከረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጁክስ ኦፒየም ራሱ ውጦ መሣሪያውን በራሱ ላይ ሞከረ። ከዚያ ወዲህ እጥበት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የመመረዝ ሕክምና መለያ ሆኖ ቆየ።

ሦስተኛው መንገድ መርዙን ከጨጓራ ከማውጣት ይልቅ እዚያው ይዞ ማስቀረት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው አክቲቬትድ ቻርኮል ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ተዘጋጅቶ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲኖሩት የተደረገ የከሰል ዱቄት ማለት ነው። አንድ ግራም ዱቄት ያለው የውስጥ ገጽ ስፋት በመቶዎች በሚቆጠር ካሬ ሜትር ይለካል፤ ብዙ መድኃኒቶችና መርዞች በዚህ ገጽ ላይ ተጣብቀው ወደ ደም ሳይገቡ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። የምድጃ ከሰል ግን በዚህ መንገድ ያልተዘጋጀ ስለሆነ ተፈጭቶ ቢሰጥ ምትክ ሊሆን አይችልም።

እጥበት እንዴት ይከናወናል? ለምንስ ይከሽፋል?

በትክክል የሚደረግ እጥበት ቀላል ሥራ አይደለም። ታካሚው በግራ ጎኑ፣ ራሱ ከእግሩ በመጠኑ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ለአዋቂ የሚያስፈልገው ቱቦ ከ36 እስከ 40 ፍሬንች ነው፤ ይህም ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ለመመገቢያ የሚውለው ቀጭን የአፍንጫ ቱቦ እንክብል ሊያሳልፍ አይችልም። ቱቦው ጨጓራ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ገብቶ ያው መጠን ተመልሶ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስም ይደጋገማል። ለሕፃን በየጊዜው የሚገባው በክብደቱ ልክ 10 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም ነው፤ ተራ ውኃ የሕፃኑን የሶዲየም መጠን ስለሚያዛባም ኖርማል ሴላይን ይመረጣል።

ዘዴው የሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው። ፈሳሽ መርዝ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያልፈው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ታካሚው ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚታጠብ ነገር አይቀርም። በፈቃደኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በእጥበት የሚወጣው መጠን ከሰው ሰው እጅግ እንደሚለያይና ጊዜው በገፋ ቁጥር እንደሚያንስ አሳይተዋል። ሁለተኛው የሚገባው ውኃ ራሱ ነው፤ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጠ የጨጓራውን ይዘት ወደ ታች ይገፋና መርዙ ይበልጥ ወደሚመጠጥበት አንጀት ያደርሰዋል። ሦስተኛው የመተንፈሻ አካል ነው። ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ታካሚ የሚያስመልሰውን ከሳምባው ሊከላከል አይችልም። በእጥበት ጊዜ የሚደርሱት ዋና ዋና ጉዳቶች የጨጓራ ይዘት ወደ ሳምባ መግባት፣ የማንቁርት መኮማተር፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የልብ ምት መዛባትና የምግብ ቧንቧ መበሳት ናቸው።

ማስረጃው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ኩሊግና ባልደረቦቹ 592 ታካሚዎችን በሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ጨጓራውን ባዶ በማድረግና በከሰል፣ ሌላውን ያለዚያ በከሰል ብቻ አከሙ። በአጠቃላይ ውጤቱ ልዩነት አልነበረም፤ ጥቅም የታየው ራሳቸውን በሳቱና በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ በታጠቡ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ ፖንድና ባልደረቦቿ በ876 ታካሚዎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ሲያደርጉ በአጠቃላይ ጥቅም አላገኙም። በእነዚህና በመሰል ጥናቶች መነሻነት የአሜሪካና የአውሮፓ የቶክሲኮሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1997 በጋራ ባወጡት አቋም እጥበት በዘልማድ መደረግ የለበትም አሉ፤ በ2004 እና በ2013 ሲከልሱትም ይህንኑ አጸኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢፔካክ በቤት ውስጥ ለዘልማድ ሕክምና እንዳይውል መከረ።

«ይህ የበለጸጉ አገሮች ማስረጃ ነው፤ እነርሱ ዘንድ የሚበዛው የእንክብል መመረዝ ነው፤ ለእኛ ፀረ-ተባይ ለሚበዛብን አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱም በከፊል ከስሪ ላንካ ተገኝቷል። እዚያ በገጠር ሆስፒታሎች የተደረጉ ተከታታይ እጥበቶችን በአካል የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ዘገባ፣ እጥበቱ መርዙ ከተወሰደ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ሳይጠየቅ፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ሳይጠበቅና ለሕይወት በማያሰጋ መመረዝ ጭምር ሲደረግ አይተዋል፤ በሂደቱም የልብ መቆምና የሳምባ መበከል ተመልክተዋል። በዚያው አገር ከ4,600 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት አክቲቬትድ ቻርኮልን በዘልማድ መስጠት የሞት መጠንን እንዳልቀነሰ አሳየ፤ ከሰል ባልወሰዱት 6.8 በመቶ፣ ደጋግመው በወሰዱት ደግሞ 6.3 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም። ብዙዎቹ ታካሚዎች ወደ ሆስፒታል የደረሱት ከሰዓታት በኋላ መሆኑ ይህን ውጤት ለማንበብ አስፈላጊ ነው። ለመተማ ቆላም ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው።

እጥበትና ማስመለስ ፈጽሞ የማይደረግባቸው ሁኔታዎች

በረኪናን ጨምሮ የሚያቃጥሉ አሲዶችና አልካሊዎች በተጠጡ ጊዜ ማስመለስም ሆነ ቱቦ ማስገባት ክልክል ነው። ሲወርድ የምግብ ቧንቧን ያቃጠለ ነገር ሲመለስ ዳግም ያቃጥለዋል፤ ቱቦውም የሳሳውን ግድግዳ ሊበሳው ይችላል። በኢትዮጵያ የከተማ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች የቤት ማጽጃ ኬሚካሎችንና ኦርጋኖፎስፌትን ደጋግመው ከዋነኞቹ የመመረዝ መንሥኤዎች መካከል ስለሚጠቅሱ ይህ ክልከላ በተግባር ብዙ ታካሚዎችን ይመለከታል።

ላምባ፣ ቤንዚንና ናፍጣም እንዲሁ ናቸው። ከጨጓራ ይልቅ አደጋቸው በሳምባ ላይ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳምባ ቢገባ ከባድ ብግነት ያስከትላል። እዚህ ላይ አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ፤ በውኃ ሲበጠበጡ ነጭ ወተት የሚመስሉት ብዙ የፀረ-ተባይ ፈሳሾች የተሟሟቱት በነዳጅ ዘር ኬሚካል ነው። ስለዚህ የፀረ-ተባይ ታካሚን ማስመለስ ሁለት መርዞችን ወደ ሳምባ መላክ ሊሆን ይችላል።

ለእህል መጋዘን የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ጽላት ከእርጥበትና ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያመነጫል። በውኃ ማጠብ የጋዙን መውጣት ሊያፋጥን ስለሚችል በዘልማድ ሊደረግ አይገባም፤ ታካሚው የሚረዳበት ክፍልም ለራሱ ለባለሙያው ደኅንነት ሲባል መስኮትና በሩ የተከፈተ መሆን አለበት።

በቤት ውስጥ የሚሰጡ ነገሮችም መታየት አለባቸው። ጣት ወደ ጉሮሮ መስደድ፣ የሳሙና ውኃ ማጠጣት፣ ጨው የበዛበት ውኃ መስጠት ሁሉም ጎጂ ናቸው፤ በተለይ የጨው ውኃ የደም ሶዲየምን ከፍ አድርጎ ለብቻው ሊገድል ይችላል። በአገራችን ለመርዝ ማርከሻ ተብሎ በሰፊው የሚሰጠው ወተት ኦርጋኖፎስፌትን አያረክስም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በግድ ሲጋትም ወደ ሳምባ ይገባል። ቤተሰቡ በቅንነት ያደረገውን በመንቀፍ ጊዜ ከማጥፋት ግን ምን እንደተሰጠና መቼ እንደተሰጠ መዝግቦ መቀጠል ይሻላል።

ከሰል የሚይዘውና የማይዘው

አክቲቬትድ ቻርኮል ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 50 ግራም፣ ለሕፃን 1 ግራም በኪሎ ግራም በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል። የሚጠቅመው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ለደረሰ፣ ነቅቶ ራሱ ሊጠጣ ለሚችል ታካሚ ነው። የወባ አገር በሆነው ቆላ በየቤቱ ሊገኝ የሚችለው ክሎሮኪን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን በፍጥነት ስለሚያውክና ከሰል ስለሚይዘው፣ ቶሎ መስጠት ትርጉም የሚኖረው ለእንዲህ ያለው ነው። በአንጻሩ ከሰል ብረትን፣ ሊቲየምን፣ አልኮልን፣ አሲድንና አልካሊን አይዝም። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለውን የብረት እንክብል የዋጠ ሕፃን ከሰል ቢሰጠው አይጠቅመውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ፈጣን ክትትል፣ ከፍ ባለ ተቋም አንጀትን በፈሳሽ ማጠብና ዲፌሮክሳሚን ነው።

በኦርጋኖፎስፌት መመረዝ መቅደም ያለበት

ኦርጋኖፎስፌት አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ስለሚያግድ አሴቲልኮሊን በነርቭ ጫፎች ላይ ይከማቻል። ውጤቱም ምራቅና ላብ መብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ተቅማጥና ማስመለስ፣ የጡንቻ መርገብገብ፣ የልብ ምት መዘግየት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳምባ በፈሳሽ መሞላትና የመተንፈሻ ጡንቻ መድከም ነው። ታካሚው የሚሞተው መተንፈስ አቅቶት እንጂ ጨጓራው ስላልታጠበ አይደለም። ብዙዎቹም ከመድረሳቸው በፊት በራሳቸው አስመልሰዋል።

በመሆኑም ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ አፉ በመምጠጫ ይጸዳል፤ ኦክስጅን ይሰጠዋል። አትሮፒን ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይጀመራል፤ ካልተሻለው በየ5 ደቂቃው መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ግቡ ሳምባው ሲደመጥ ደረቅ መሆኑ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ80 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ80 በላይ መድረሱ ነው። ከዚያ በኋላ እስከዚያ ከተሰጠው አጠቃላይ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶው በየሰዓቱ ይቀጥላል። ልብሱ ይወልቃል፤ ቆዳውና ጸጉሩ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ባለሙያውም ጓንት ያጠልቃል። በጀርባው መርጫ ተሸክሞ ሲረጭ ለዋለ ሠራተኛ ይህ የቆዳ እጥበት ከማንኛውም የጨጓራ እጥበት ይበልጣል፤ መርዙ የገባው በአፉ አይደለምና።

ቆላው የሚያመጣው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አትሮፒን ላብን ስለሚያደርቅ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አካባቢ ከመጠን ያለፈ አትሮፒን ታካሚውን ለከፍተኛ ትኩሳት ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ የሙቀት መጠን ከልብ ምት ጋር መለካት፣ መቃዠትና የሆድ ድምፅ መጥፋት ሲታይ መጠኑን መቀነስ፣ ታካሚውንም በጥላና በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ርቀትና ክምችት

ከመተማ ዮሐንስ በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያሻል። መንገዱ ክፍት ሆኖ አምቡላንሱ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው 4 ሰዓት ይፈጃል። ከእርሻ ዳስ እስከ ዋናው መንገድ ያለው፣ በክረምት ጥቁር አፈሩ ሲጨቀይ የሚረዝመው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። እጥበት ይጠቅም ይሆናል የሚባልበት አንድ ሰዓት ለብዙዎቹ ያለፈው ገና ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ነው። በሪፈራል ሆስፒታል የሚደረግ እጥበት ደግሞ ከናካቴው ጊዜው ያለፈበት ነው።

አትሮፒን ግን ሰዓቱ አያልፍበትም፤ ጥያቄው መጠኑ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። ስሌቱን እንመልከት። በ2 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየ5 ደቂቃው እጥፍ ቢሆን የሚሰጠው 2፣ 4፣ 8፣ 16 ነው። አራተኛው መጠን በ15ኛው ደቂቃ ሲሰጥ ድምሩ 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በዚህ ላይ ታካሚው ቢረጋጋ በየሰዓቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ ለ4 ሰዓት ጉዞ ከ12 እስከ 24 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። አንድ አምፑል 1 ሚሊ ግራም ቢይዝ ለአንድ ጽኑ ታካሚ ከ42 እስከ 54 አምፑል ማለት ነው። ሁሉም ታካሚ ይህን ያህል አይፈልግም። ሆኖም አሥር አምፑል ብቻ ያለው ጤና ጣቢያ ለጽኑ ታካሚ ሁለተኛውን መጠን ሰጥቶ ሦስተኛውን ማሟላት አይችልም። እጥበቱን የሚያካሂዱት ሁለት ባለሙያዎች ሥራ ላይ በሚቆዩባቸው ሠላሳ ደቂቃዎች ታካሚው አራቱንም መጠን ሊያገኝ ይችል ነበር። የምርጫው ክብደት እዚህ ላይ ይታያል።

እጥበት ጨርሶ ይቅር ማለት ግን አይደለም። የሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ «አዎ» የሚል መልስ ካገኙ ሊታሰብ ይችላል፤ የተወሰደው ለሕይወት የሚያሰጋ መጠን ነውን? ከተወሰደ አንድ ሰዓት አልሞላውምን? የማያቃጥል፣ የነዳጅ ዘርም ያልሆነ ነውን? ታካሚው ነቅቶ የሚተባበር ነው፣ ወይስ የመተንፈሻ ቧንቧው በቱቦ ተጠብቋልን? ትክክለኛው ቱቦ፣ መምጠጫና የሠለጠነ ባለሙያ አለን? አትሮፒንና ኦክስጅን ቀድመው ተጀምረዋልን? አንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ቱቦውን አለማንሣት ይመረጣል።

የመርዙ ማንነት

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተወሰደውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኬሚካል ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲሸጥና ሲቀመጥ መለያው ይጠፋል፤ ሕፃንም ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። በድንበር ገበያ ደግሞ የመለያ ጽሑፉ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። አስታማሚው ጠርሙሱን፣ ካርቶኑን ወይም የመለያውን ፎቶግራፍ ይዞ እንዲመጣ ማስተማር ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ለዚህ የሕግ መሠረት ይሰጣል። ከቁጥጥር ምን ሊገኝ እንደሚችልም ስሪ ላንካ አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ-ተባዮች፣ በ1998 ደግሞ ኢንዶሰልፋንን ካገደች በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በራስ እጅ የሚደርስ ሞት መጠን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያን ያህል ሕይወት ያተረፈ የጨጓራ ቱቦ የለም።

ከሞት የተረፈ ሰው ሕክምናው በአትሮፒን አያበቃም። በራሱ ላይ እጁን አንሥቶ የነበረ ታካሚ ያለ ነቀፋ ሊደመጥ፣ የአእምሮ ጤና ምዘና ሊደረግለትና ሲወጣ የሚጠብቀው ዘመድ ሊኖረው ይገባል። ከደጋ ለወረደ ብቸኛ የቀን ሠራተኛ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ቤተሰቡ ወይም ወደ አገሩ ሰዎች የሚያገናኘው መንገድ በመውጫ ዕቅዱ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ማጠቃለያ

የጎንደር የሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያን ለገጠር ለማሠልጠን ተጀመረ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ባዕድ አይደለም። ሊጠኑ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ከታካሚ ካርድ ሊወሰዱ ይችላሉ፤ መርዙ ከተወሰደ እስከ መድረስ ያለፈው ጊዜ፣ እጥበት በተደረገበት ሰዓት የታካሚው ንቃትና የመተንፈሻ ቧንቧው ሁኔታ፣ እንዲሁም ከመድረስ እስከ መጀመሪያው አትሮፒን የፈጀው ደቂቃ። ሦስተኛው ቁጥር ከሁሉም በቀላሉ የሚለካና በቶሎ ሊሻሻል የሚችል ነው። በቆላው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ቢኖር በመጀመሪያው መሥመር «መተንፈሻ»፣ በሁለተኛው «አትሮፒን»፣ በሦስተኛው «ቆዳና ልብስ» ሊል ይገባል፤ «ጨጓራ» የሚለው ቃል ከእነዚህ በኋላ፣ ከነቅድመ ሁኔታው ይጻፍ።